የኋላ ባሌስትራ፦ ከሠረገላ ሠሪው እስከ መኪና ጋራዥ

ባሌስትራ ዕድሜ ጠገብ ከሆኑት የመኪና አካላት አንዱ ነው። ሞተር ሳይታሰብ፣ በአየር የሚነፋ ጎማ ሳይፈጠር የአውሮፓ ሠረገላ ሠሪዎች ይሠሩት ነበር፤ ቅርጹም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። ርዝመታቸው የሚበላለጥ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ የአረብ ብረት ዝርጎች ከረዥም ወደ አጭር ተደራርበው መሃላቸው ላይ በአንድ ቡሎን ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ዝርግ ቅጠል ይባላል። ከሁሉ የሚረዝመው ዋናው ቅጠል በሁለቱም ጫፉ ተጠቅልሎ ዓይን ይሠራል፤ ባሌስትራው ከሻንሲው ወይም ከአክስሉ ጋር የሚገናኘው በዚህ ዓይን ውስጥ በሚያልፍ ፒን ነው። የኋላው ባሌስትራ ከፊተኛው የባሰ ሥራ አለበት። የኋላ ተሳፋሪውና ጭነቱ የሚያርፉት በእሱ ላይ ነው፤ በብዙ መኪኖች ደግሞ ጎማው መሬቱን ገፍቶ የሚያመጣውን ኃይል ተቀብሎ መኪናውን ወደ ፊት የሚነዳው እሱው ነው። የባሌስትራ ጥገና ታሪክ በአብዛኛው የኋላው ባሌስትራ ታሪክ የሆነው ለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሌስትራ በፊት የመኳንንት ሠረገላ አካል በአራት ምሰሶዎች ላይ በወፍራም ጠፍር ተንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። ጠፍሩ የመንገዱን ምት ቢያበርድም ተሳፋሪውን ወዲያና ወዲህ እያላጋ ያሳምመው ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ብረትን በጠፍር ቦታ ለመተካት ሙከራ ተጀመረ፤ በ1665 በለንደን አካባቢ የተደረጉትን የሠረገላ ሙከራዎች ሳሙኤል ፒፕስ በዕለት ማስታወሻው መዝግቧቸዋል። ሐሳቡ ቶሎ ቢመጣም ብረቱ ዘገየ። የዚያን ዘመን አረብ ብረት ጥንካሬው ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለነበር፣ ደጋግሞ ሲጎብጥና ሲቃና በደካማው ቦታ ይሰበራል። መፍትሔው የተገኘው ሠረገላ ከማይሠራ ሰው ነው። የዶንካስተሩ ሰዓት ሠሪ ቤንጃሚን ሀንትስማን ለሰዓት ሞላ የሚሆን አስተማማኝ ብረት አጥቶ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በ1740ዎቹ ሸፊልድ አጠገብ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አቅልጦ ወጥ ማድረግ ቻለ። የሸፊልድ ካራ ሠሪዎች ብረቱ በጣም ጠንክሮብናል ብለው ሲተዉት ፈረንሳዮች ገዙት፤ በኋላ ግን ሸፊልድ ራሷ በዚሁ ብረት የዓለም የአረብ ብረት ከተማ ሆነች።

በ1804 ኦባዲያ ኤሊዮት የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ ሁለት የጎበጡ ባሌስትራዎችን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ ጫፍና ጫፋቸውን አያይዞ እንቁላል ቅርጽ ሰጣቸውና በአክስሉና በሠረገላው አካል መካከል አስገባቸው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም የሠረገላን ሥራ ከሥሩ ለወጠው። ከዚያ በፊት የፊቱንና የኋላውን አክስል የሚያገናኝ ከባድ የእንጨት ግንድ በሠረገላው ሆድ ሥር ያልፍ ነበር፤ ኤሊዮት ባሌስትራውን በቀጥታ አክስሉ ላይ ስላሳረፈው ግንዱ አላስፈላጊ ሆነ። ሠረገላው ክብደቱ ቀነሰ፣ ወደ መሬትም ቀረበ፤ ለመውጣት መሰላል፣ ለመሳብም ብዙ ፈረስ የማያስፈልገው ተሽከርካሪ ተገኘ። ከዚህ ሙሉ ቅርጽ ግማሹ፣ ሩቡና ሦስት ሩቡ እየተቆረጠ ሌሎች ዓይነቶች ወጡ። መኪና ሲመጣ ሁሉም ተዘጋጅተው ጠበቁት።

የሥራው አካሄድ ከአንጥረኛ ቤት አልወጣም ነበር። ሠሪው ዝርጉን ብረት በልኩ ቆርጦ፣ ጫፉን በከሰል እሳት አግሎ መስፍ ላይ እየቀጠቀጠ ያሳሳዋል፤ ዋናውን ቅጠል በፒን ዙሪያ ጠቅልሎ ዓይን ያወጣለታል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል ለብቻው ያጎብጠዋል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሎቹ እኩል ቢጎብጡ ዋጋ የላቸውም፤ እያንዳንዱ አጭር ቅጠል ከበላዩ ካለው ጥቂት ይበልጥ መጉበጥ አለበት። ሳይታሰሩ ሲደራረቡ በመሃላቸው ብርሃን ይታያል፤ የመሃሉ ቡሎን ሲጠብቅ ግን ይገጥማሉ፤ ዋናው ቅጠልም ጭነቱ ከሚያጎብጠው በተቃራኒ አቅጣጫ አስቀድሞ ይወጠራል። ጭነት ሲመጣበት መጀመሪያ ያ ውጥረት ይፈታል፤ በዚህም ከሁሉ ቀድሞ መሰበር የነበረበት ቅጠል ዕድሜ ያገኛል። ይህን ልዩነት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም፤ ሠሪው በዓይኑ ይመትረዋል።

ቀጥሎ ማጠንከር ይመጣል። ቅጠሉ ደም እስኪመስል ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ሲወጣ ጠንካራ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ዳግመኛ በዝግታ መሞቅ ነበረበት። አንዳንዱ ሠሪ ቅጠሉን በዘይት ለውሶ እሳት ላይ ይይዝና ዘይቱ ተያይዞ ነድዶ ሲያልቅ ሙቀቱ በቃ ይላል፤ ሌላው ደረቅ እንጨት በጋለው ብረት ላይ እየጎተተ እንጨቱ ፍንጣሪ ማውጣት ሲጀምር ያቆማል። ሁለቱም ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን የተገኙ መለኪያዎች ናቸው፤ ከ1856 ጀምሮ የቤሰመር ዘዴ አረብ ብረትን አርክሶ የባቡር ኩባንያዎች ባሌስትራን በገፍ ማሠራት ሲጀምሩም የመንደር አንጥረኛው ይህንኑ ልማዱን ይዞ ቀጠለ።

በ1886 የባለቤትነት መብት ያገኘው የካርል ቤንዝ ባለሦስት ጎማ መኪና ኋላው ያረፈው በሠረገላ ባሌስትራ ላይ ነበር። በ1901 መሸጥ የጀመረችው ትንሿ ኦልድስሞቢል ደግሞ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል የሚደርሱ ረዣዥም ባሌስትራዎች ነበሯት፤ ባሌስትራው የሻንሲውን ጎን ሥራ ጭምር ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። የመኪና ሠሪዎቹ የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ለፈረስ ፍጥነት የተሠራውን ብረት በሰዓት 50 እና 60 ኪሎ ሜትር ሮጡበት። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ባሌስትራው ይጫናል፤ ይህን ሁሉም ቅጠሎች ተባብረው ይሸከሙታል። ከጉድጓዱ ሲወጣ ግን ባሌስትራው ወደ ኋላ ይነጥራል፤ አጫጭሮቹ ቅጠሎች ከዋናው ይላቀቁና ንጥረቱን ዋናው ቅጠል ብቻውን ይቀበለዋል። ብዙ ባሌስትራ የሚሰበረው ሲጫን ሳይሆን ሲነጥር መሆኑ የታወቀው ከብዙ ስብራት በኋላ ነው። ቅጠሎቹን በየቦታው የሚያቅፉ ማሰሪያዎች የመጡት ለዚህ ነው፤ ፈረንሳዊው ዡል ትሩፎ የሠራውና አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሃርትፎርድ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው በሰበቃ የሚሠራ ሾክም መነሻው ንጥረቱን መግታት ነበር።

ሾክ በሌለበት ሾፌሩ ያለው አማራጭ ጥቂት ነበር። ዋናው ቅጠል መንገድ ላይ ሲሰበር አክስሉና ሻንሲው መካከል የእንጨት ጉማጅ ይገባል፤ ሁሉም በገመድ ይታሰራል፤ መኪናው እየተንገጫገጨ እስከሚቀጥለው መንደር ይደርሳል። እዚያ ያለው የፈረስ ጫማ የሚሠራ አንጥረኛ ነው። እሱም የተሰበረውን አግሎ ያገናኘዋል፤ ግን የተገናኘው ቦታ ከእሳቱ የተነሣ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ብዙ ሳይቆይ ከጎኑ ይሰበራል። ብልሁ አንጥረኛ የተሰበረውን ጥሎ ከሌላ ተሽከርካሪ ባሌስትራ በልኩ ቆርጦ አዲስ ቅጠል ያወጣ ነበር። ጠረፍ ለጠረፍ የሚጓዙ ሾፌሮች ትርፍ ቅጠል መያዝ የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያመጣው ዎልስሊ መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የተሻገረው ምድር ለመኪና የተሠራ መንገድ አልነበረውም፤ በዘመኑ እንደነበሩት መኪኖች ሁሉ የእሱም አካል የተሸከመው በቅጠል ባሌስትራ ነው።

ፎርድ ጥቅምት 1 ቀን 1908 ያወጣው ሞዴል ቲ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ገጠመው። ሌሎች መኪኖች ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ባሌስትራ ሲኖራቸው የፎርዱ አንድ ብቻ ነበረው፤ እሱም ከጎን ወደ ጎን ተጋድሞ፣ ከዲፈረንሻሉ በላይ እንደ ቅስት ጎብጦ፣ መሃሉ በሻንሲው የኋላ አግዳሚ ላይ በሁለት ዩ ቅርጽ ቡሎኖች ታስሮ ነበር። ጫፎቹ በተወዛዋዥ ማያያዣዎች ከአክስሉ ጫፎች ጋር ይገናኛሉ። ከፊትም እንዲሁ አንድ የተጋደመ ባሌስትራ አለ። በዚህ አሠራር አንዱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ በነፃ ይዘነበላል፤ ሻንሲው አይጣመምም። ለአሜሪካ የገጠር ጭቃ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። የሞተሩን ግፊት የሚያስተላልፈውም ከዲፈረንሻሉ ወደ ፊት የሚሄደው ቱቦ ስለሆነ ባሌስትራው ጭነት ከመሸከም ሌላ ሥራ አልነበረበትም፤ ቢሰበርም አክስሉ ቦታውን አይለቅም።

ብረቱም ተለውጦ ነበር። ሄንሪ ፎርድ በ1922 ባሳተመው ግለ ታሪኩ፣ በ1905 በፍሎሪዳ በተደረገ የመኪና እሽቅድምድም ከተሰባበረ የፈረንሳይ መኪና አንድ ቀላልና ጠንካራ የብረት ቁራጭ አንሥቶ አስመርምሮ ቫናዲየም እንዳለበት እንደተረዳ ይተርካል። ታሪኩ ከማስታወቂያ የራቀ አይደለም። ቫናዲየም የተቀላቀለበት አረብ ብረት ግን በእርግጥ ሞዴል ቲ ላይ ገብቷል፤ ባሌስትራውም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበር። እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ስለተሠራ በዓለም ላይ ከየትኛውም መኪና ባሌስትራ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተፈታው የዚህ መኪና የኋላ ባሌስትራ ሳይሆን አይቀርም።

የመፍታቱ ሥራ እንዲህ ነበር። የሻንሲው ጀርባ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ እንጨት ላይ ያርፋል፤ ክብደቱ ከባሌስትራው ላይ ይነሣል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ባሌስትራው ጭነት ባይኖርበትም ጫፎቹ በማያያዣዎቹ ተስበው ስለተወጠሩ ፒኑን ዝም ብሎ ያወጣ ሰው እጁን ያጣል። ስለዚህ በሁለቱ ዓይኖች መካከል በጥርስ የሚረዝም ማስፊያ ይገባና ባሌስትራው ትንሽ ይለጠጣል፤ ማያያዣዎቹ ሲላሉ ፒኖቹ ይወጣሉ። አክስሉ ለብቻው ይያዛል፤ የአግዳሚው ዩ ቡሎኖች ተፈትተው ባሌስትራው ወደ ታች ይወርዳል። ሌላው መንገድ ማያያዣዎቹን ሳይነኩ ዩ ቡሎኖቹን ብቻ ፈትቶ አክስሉን ከነባሌስትራው ጎትቶ ማውጣትና ቀሪውን ወለል ላይ መሥራት ነው። ጉልበት ይጠይቃል፤ በአንፃሩ ሥራው በግልጽ ይታያል። አሮጌው ባሌስትራ ወርዶ ሲገላበጥ ስብራቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ይገኛል፤ የመሃሉ ቡሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ። ዩ ቡሎኖቹ በላሉ ቁጥር ቅጠሎቹ በቀዳዳው ላይ መጉበጥ ይጀምራሉ፤ ብረቱ ደግሞ እዚያ ላይ በመበሳቱ ቀድሞውንም ደካማ ነው። ከስብራቱ ይልቅ የሚበዛው ድካም የማያያዣዎቹ ነሐስ ቡሽ መበላት ነበር፤ ግሪስ ያጣ ቡሽ ዓይኑን አስፍቶ የመኪናውን ጀርባ ወደ ጎን ያወላግደዋል። ባሌስትራ የሚለውጥ መካኒክ ቡሹን ሳይለውጥ መልሶ ከገጠመ የሠራው ግማሹን ነው።

በ1927 መጨረሻ የመጣው ሞዴል ኤ ያንኑ የተጋደመ ባሌስትራ ይበልጥ ጉብጠት ሰጥቶ ያዘ፤ አደጋውም አብሮ አደገ። ባሌስትራውን ለማፍረስ የመሃሉን ቡሎን ዝም ብሎ የፈታ ሰው ላይ ቅጠሎቹ እንደተለቀቀ ወጥመድ ይነጥሩበታል። የጋራዥ ሰዎች ሞርሳ ወይም ሁለት ረዣዥም ቡሎን ከቀዳዳው ግራና ቀኝ አስረው፣ የመሃሉን ቡሎን ከቆረጡ በኋላ ዳዶውን ጥቂት በጥቂት እያላሉ ቅጠሎቹን ማስተንፈስ ለመዱ። ፎርድ በአሜሪካ የመንገደኛ መኪኖቹ ላይ የተጋደመውን ባሌስትራ እስከ 1948 አልተወም፤ ከሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ በመቅረቱ መሐንዲሶቹ ሲተቹት፣ የገጠር ደንበኞቹ ግን ቅሬታ አልነበራቸውም።

በአውሮፓ መንገዱ ሌላ ነበር። በ1922 የወጣችው ኦስቲን ሰቨን ከኋላ ሩብ ባሌስትራ ነበራት፤ ወፍራሙ ጫፍ ከሻንሲው ታስሮ ቀጭኑ ወደ ኋላ ወጥቶ አክስሉን ይይዛል። ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን መኪናዋ በኩርባ ላይ ስትዘነበል አክስሉ አብሮ ስለሚዞር ከኋላ ሌላ ሰው መሪ የያዘ ይመስላል። ኤቶሬ ቡጋቲ ይኸንኑ ሩብ ባሌስትራ ገልብጦ፣ ወፍራሙን ጫፍ ከአክስሉ በስተኋላ አስሮ ቀጭኑን ወደ ፊት አዞረው፤ በ1924 የወጣው የእሽቅድምድም መኪናው ታይፕ 35 የተነዳው በዚህ ባሌስትራ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ መኪኖች ግን በግራና በቀኝ ግማሽ ባሌስትራ ይዘው የሞተሩን ግፊትም የፍሬኑንም ጉተታ በእሱ ላይ ጣሉ። በእነዚህ መኪኖች ዋናው ቅጠል ከፊተኛው ዓይን አጠገብ ከተሰበረ ጉዳዩ የምቾት መሆኑ ይቀራል፤ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናው መንገዱን ይስታል። የተሰበረ የኋላ ባሌስትራን በዕለቱ ለመለወጥ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም።

የቅባቱ ነገር በመካኒኮች መካከል ለረዥም ጊዜ አከራካሪ ነበር። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ሰበቃ ንጥረትን ስለሚገታ ጥቂቱ ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ባሌስትራው ይደርቃል፣ ይጮኻል፣ ዝገቱም ቅጠሉን ይበላዋል። ስለዚህ የ1920ዎቹ ባለመኪና በየጊዜው ቅጠሎቹን በሽብልቅ ከፍቶ ግራፋይት የተቀላቀለበት ግሪስ መቀባት ይጠበቅበት ነበር፤ ያልፈለገው ባሌስትራውን በቆዳ ጃኬት አልብሶ ውስጡን በግሪስ ይሞላል። ጎማ ቡሽ ሲስፋፋ ቅባቱ ጠላት ሆነ፤ ጎማውን ያበላሻልና።

የመንደር አንጥረኛው ከባሌስትራ ሥራ የወጣው ባለመቻሉ አልነበረም። በቅይጥ ብረቶቹ ምክንያት የእሳቱ ስሌት ተለወጠበት፤ ክሮምና ቫናዲየም ወይም ሲሊከንና ማንጋኒዝ ያለበት ቅጠል በከሰል እሳትና በእንጨት ፍንጣሪ የሚመተር አይደለም። ፋብሪካዎች በሚለካ ምድጃ የተጠነከሩ ባሌስትራዎችን በየመኪናው ዓይነት ቁጥር ሰጥተው በካታሎግ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ጥገና ማለት አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን መግጠም ሆነ። ቆይቶም የቅጠሉን ገጽ በጥቃቅን የብረት ጥይት መደብደብ ተጀመረ፤ ድብደባው የብረቱን ቆዳ ስለሚያመቀው ስንጥቅ በቀላሉ አይጀምርበትም። ለአንጥረኛው የቀረው የተሰበረው ነው። አሮጌ ቅጠል ጥሩ አረብ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ በኢትዮጵያም የጭነት መኪና ባሌስትራ ስብርባሪ ከቁራሌው አልፎ ወደ ቀጥቃጮች እየሄደ ቢላ፣ መጥረቢያና ማረሻ ሆኖ ይወጣል።

ባሌስትራ ከቤት መኪና መውጣት የጀመረው ከፊት ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1934 በአንዳንድ መኪኖቹ ፊት ሞላ አስገባ፤ ቢዩክ በ1938 ከኋላም ባሌስትራውን አወጣ። የቀሩት ግን አልቸኮሉም፤ የእንግሊዙ ኤምጂቢ እስከ 1980 ከኋላ በግማሽ ባሌስትራ ተሠርቷል። የ1967ቱ ሼቭሮሌ ካማሮ በአንድ ወፍራም ቅጠል ብቻ ሊሄድ ሞክሮ ኃይለኛ ሞተር ሲገባበት አክስሉ ስለዘለለ በዓመቱ ለኃይለኞቹ ዓይነቶች ወደ ብዙ ቅጠል ተመለሰ። በ1981 ኮርቬት ላይ የገባው ከፋይበርግላስ የተሠራ አንድ ቅጠል 4 ኪሎ እንኳን አይሞላም፤ የተካው የብረት ባሌስትራ ከ18 ኪሎ በላይ ነበር። በብዙ የጭነት መኪኖች ግን የብረት ባሌስትራው ዛሬም ቦታውን ይዟል።

አሮጌው የእጅ ሥራ የተረፈው በጥንት መኪና ወዳጆች ዘንድ ነው። በብሪታንያ በ1930 የተመሠረተው የቬተራን መኪና ክለብ፣ በ1934 የተከተለው የቪንቴጅ ስፖርት መኪና ክለብና በአሜሪካ በ1935 የተቋቋመው የጥንት መኪኖች ማኅበር የዋናውን መኪና አሠራር መጠበቅን ከደንባቸው አስገቡ። በካታሎግ የሌለ ባሌስትራ ሲሰበር ልኩን ወስዶ አዲስ የሚቀጠቅጥ ባለሙያ የሚፈለገው በእነሱ ነው። የተኛ ባሌስትራን በብርዱ በመዶሻ እየመቱ ማጉበጥ ዛሬም ይሠራበታል፤ ርካሽ ነው፣ ጥቂት ወራት ይቆያል። ቅጠሎቹን ለያይቶ፣ እንደገና አግሎ አጎብጦና አጠንክሮ የመለሰው ግን ዓመታት ያስኬዳል፤ ልዩነቱን ለማወቅ የሚጣደፍ ባለመኪና ጥቂት ነው።

ባሌስትራ ሲለወጥ ዛሬም የሚጠበቁ ጥቂት ደንቦች አሉ። ግራና ቀኝ ባሌስትራ ባላቸው መኪኖች አንዱ ቢሰበርም ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ፤ አለዚያ መኪናው ወደ አሮጌው ጎን ያዘነብላል። ዩ ቡሎኖቹ አንዴ ተለጥጠዋልና አዲስ ይሆናሉ። የመሃሉ ቡሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ ይታያል፤ ካልገባ አክስሉ ጠማማ ይቆማል። ጎማ ቡሽ ካለው የዓይኑ ፒኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይጠብቃሉ፤ በቁልፍ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪኩ ወርዶ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ቡሹ ለዘለቄታው ተጠምዝዞ ይቀራል። አዲስ ባሌስትራ መጀመሪያ ላይ የመኪናውን ጀርባ ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቅጠሎቹ ይቀመጣሉ፣ ዩ ቡሎኖቹም በዚያው ይላላሉ፤ ያን ጊዜ ዳዶዎቹ አንድ ጊዜ በድጋሚ ይጠብቃሉ።